«የጋራ ኃላፊነት» ወይስ «የድርሻ ኃላፊነት»?
ስለ ደመና አገልግሎት የአማርኛ ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

አንድ ባዕድ ጽንሰ ሐሳብ ወደ ቋንቋችን ሲገባ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «አማርኛው ምንድን ነው?» የሚል ነው። የተሰጠው አማርኛ ሥራ ላይ ሲውል ሰውን ወዴት ይመራዋል የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ግን ክብደቱ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። የንግድ ድርጅቶች የመረጃ ሥራቸውን ከራሳቸው ኮምፒዩተሮች ወደ አከራይ ድርጅት ኮምፒዩተሮች ለማዛወር በሚያካሂዷቸው ፕሮጀክቶች፣ በጨረታ ሰነድ፣ በውልና በማሠልጠኛ ጽሑፍ የሚሠራባቸው ስያሜዎች ለዚህ ማስረጃ ይሆናሉ። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለብዙ የሙያ ቃላት መሠረት የጣለ ነው። ይሁን እንጂ ይህ አገልግሎት በንግድ መልክ የተስፋፋው አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 የመረጃ ማከማቻንና የኮምፒዩተር አቅምን ማከራየት ከጀመረ ወዲህ በመሆኑ፣ ተርጓሚው በዚህ ረገድ የሚደገፍበት ምርኩዝ አላገኘም።

በመጀመሪያ ከስሙ እንነሣ። «የደመና ስሌት» የሚለው ትርጉም ቃል በቃል የተወሰደ ነው። «ስሌት» በአማርኛ የሒሳብ ሥራ ስለሆነ፣ ሐረጉን ያለ ማብራሪያ የሚያነብ ሰው የአየር ጠባይ ባለሙያ የደመናን መጠን ሲገምት ይታየው ይሆናል እንጂ የተከራየ ኮምፒዩተር አይታየውም። በ«ደመና» ላይ ግን ተቃውሞ የለንም። የመገናኛ መሐንዲሶች ዝርዝሩ መታየት የማያስፈልገውን ኔትወርክ በንድፎቻቸው ላይ በደመና ሥዕል ያመለክቱ ነበር፤ ደመና ከበስተኋላው ያለውን መሸፈኑ ለእኛም እንግዳ አይደለምና ምሳሌው በአማርኛ ይሠራል። የሚገዛው አገልግሎት ስለሆነ «የደመና አገልግሎት» ማለት ይበቃል እንላለን።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ብያኔ ለዚህ አገልግሎት አምስት ባሕርያትን፣ ሦስት የአገልግሎት ዓይነቶችንና አራት የአደረጃጀት መንገዶችን ይዘረዝራል። ስያሜዎቻችንን በዚህ ብያኔ ብንመዝን የሚከተሉት ጉድለቶች ይታያሉ።

ሀ. «የሕዝብ ደመና» እና «የግል ደመና»። በእኛ አገር አነጋገር «የሕዝብ» የተባለ ነገር ባለቤቱ ሕዝብ ወይም መንግሥት ነው፤ «የግል» የተባለውም ከመንግሥት ውጭ ያለ ነው። በብያኔው ግን የመጀመሪያው ከልዩ ልዩ ደንበኞች ለማንኛውም ክፍት የሆነው፣ ሁለተኛው ለአንድ ድርጅት ብቻ የተመደበው ነው። ስለዚህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት «የግል ደመና» አለው፣ የባለሀብት ንብረት የሆነውም «የሕዝብ ደመና» ይባላል ማለት ነው፤ ይህም አንባቢን ያሳስታል። ሰዋስዋችን «የወል ስም» ብሎ ያለመደን ቃል በእጃችን ሳለ «የወል ደመና» እና «የተናጠል ደመና» ብንል ግራ መጋባቱ ይቀራል። ሁለቱ ለተጣመሩበት «ድቅል ደመና» መባሉን ግን ያለማመንታት እናመሰግናለን።

ለ. «የተለካ አገልግሎት» እና «ተስፋፊነት»። «የተለካ» ሲባል ተሰፍሮ ያለቀ፣ መጠኑ የተወሰነ ይመስላል። እውነቱ ግን አገልግሎቱ በተጠቀሙበት መጠን እየተቆጠረ የሚታወቅ መሆኑ ነው። የመብራት ሒሳብ የሚከፍል ሰው ሁሉ ቆጣሪ ምን እንደሆነ ያውቃልና «በቆጣሪ የሚለካ አገልግሎት» ብንል ማብራሪያ አያሻም። «ተስፋፊነት»ም ግማሽ ትርጉም ነው፤ አቅሙ ሲያስፈልግ ይሰፋል፣ ሳያስፈልግ ይጠብባል። መስፋቱን ብቻ ያነበበ የፕሮጀክት ኃላፊ ለዕድገት በጀት ይይዛል፤ ሥራ የፈቱትን ኮምፒዩተሮች የሚዘጋ ሰው ግን አይመድብም፤ ቆጣሪውም ይቆጥራል። «ተለጣጭነት» ተለጥጦ መመለስን ስለሚያሳይ ይሻላል።

ሐ. «ተከላ» እና «ፍልሰት»። በደንበኛው ቅጥር ግቢ የሚተከል መሣሪያ በሌለበት ሥራ «የተከላ መጠናቀቅ» የክፍያ መነሻ ሆኖ በውል ሲገባ፣ ምን ሲፈጸም ነው ተጠናቀቀ የሚባለው? «ፍልሰት»ም የተፈናቀለ ሕዝብን ያስታውሳል። መሥሪያ ቤት የለመደው «ዝውውር» እያለ ወደዚያ መሄድ አያስፈልግም። ሆኖም የተዛወረ ነገር ከቀድሞ ቦታው ይለቃልና፣ የመረጃው የቀድሞ ቅጂ እስከ ርክክቡ ድረስ የሚቆይ መሆኑ በውሉ ለብቻው መገለጽ ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «የጋራ ኃላፊነት» የሚለው ነው። በሙያው ደንብ አከራዩ ስለ ሕንፃው፣ ስለ ኃይሉና ስለ መሣሪያዎቹ ይጠየቃል፤ ደንበኛው ደግሞ ስለ መረጃው፣ ስለ ተጠቃሚዎቹ ፈቃድና ስለ ይለፍ ቃላቸው ይጠየቃል። ወሰኑም እንደ አገልግሎቱ ዓይነት ይለዋወጣል፤ ባዶ ኮምፒዩተር የተከራየ የሥርዓተ ክወናውን እድሳት ራሱ ይከታተላል፣ የተዘጋጀ ፕሮግራም የተከራየ ግን ይህ አይመለከተውም። እንግዲህ ይህ የተከፈለ ኃላፊነት ነው። «የጋራ» ግን በአማርኛ ያልተከፈለ ማለት ነው። በጋራ መኖሪያ ቤት ደረጃውና ጣሪያው የጋራ ነው፤ የበሬ ቁልፍ የጋራ ነው የሚል ነዋሪ ግን የለም። በሕግ ዓይንም ቢሆን ሁለት ወገኖች በጋራ ኃላፊ ናቸው ሲባል፣ ለጠቅላላው ጉዳት ሁለቱም ይጠየቃሉ ወደሚል ክርክር ያመራል። ደንበኛው ይህን ተማምኖ በሩን ክፍት ቢተው፣ መረጃው በተወሰደ ዕለት የሚያገኘው መልስ «የአንተ ድርሻ ነበር» የሚል ነው። መጀመሪያውኑ ያልተጻፈው ቃል ይኸው «ድርሻ» ነው።

ስለሆነም «የድርሻ ኃላፊነት» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። «ድርሻ» ውርስንና አክሲዮንን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በእኛ አስተያየት ግን ይህ ጥቅሙ እንጂ ጉዳቱ አይደለም፤ በውርስም ሆነ በአክሲዮን እያንዳንዱ የራሱን ለይቶ ያውቃልና።

በጠቅላላው የተርጓሚዎቹን ድካም አንነቅፍም። የምንነቅፈው የስያሜ ሥራ ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ ጌጥ ሆኖ መታየቱን ነው። ተርጓሚው ከመሐንዲሱና ከሕግ ባለሙያው ጋር መቀመጥ ያለበት በፕሮጀክቱ መጀመሪያ ነው። እያንዳንዱ ስያሜም በሦስት ጥያቄዎች ይፈተን፤ ማን ይከፍላል? ማን ይጠብቃል? ማን ይጠየቃል? ለእነዚህ የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ ቃል፣ ለጆሮ የቱንም ያህል ቢጥም፣ ወደ መዝገበ ቃላት ሊገባ አይገባውም።