የመሸበት እንግዳ በሶዶ

«የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ከደጅ መቆም በአገራችን የቆየ ልማድ ነውና፣ አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶቹን እንደ ተቀበለ የሚያስታውስ ባለቤት መንገደኛውን በውጭ ትቶ አያድርም ነበር። ይህ ልማድ ዛሬ መልኩን ለውጦ፣ ስሙን ከጣሊያንኛ በወረስነው በአልቤርጎ ውስጥ ሕያው ሆኖ እንዳለ የተረዳሁት፣ ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዤ ወላይታ ሶዶ ብቻዬን በደረስሁበት ምሽት ነው።

የዳሞታ ተራራ በጉም ተጋርዶ ሳለ፣ ሻንጣዬን አንሥቼ «እትዬ፣ አልጋ ይገኛል?» ብዬ ብጠይቅ፣ የቤቱ እመቤት ከዋጋው አስቀድመው በወላይትኛ «ሳሮ» ብለው ሰላምታ ሰጡኝ፤ ያን አንድ ቃል በምላሹ መድገሜ እንዴት ደስ እንዳሰኛቸው ከገጻቸው አየሁ። ክፍሊቱ ጠባብ ነበረች፤ አልጋው ንጹሕ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን ማዕዱን ነው፤ ስም እንኳ የማንተዋወቅ አራት መንገደኞች በአንድ ገበታ ተሰብስበን፣ ከእንሰት የተጋገረውን ቆጮ፣ ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት በተፈጨው በወላይታ ዳጣ እያጠቀስን አንዱ ሌላውን ሲያጎርስ፣ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ የተጓዘው ብቸኝነት ከእኔ ራቀ። ልተኛ ስነሣም እመቤቲቱ «ልጄ፣ የዳሞታ ብርድ እንዳይነካህ» ብለው ሁለተኛ ብርድ ልብስ አመጡልኝ።