ከመረጃ ሰጪነት ወደ ባለታሪክነት፦ ረጅም ቃለ ምልልስና የዋግ ኽምራ ሰው

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ዘጋቢ ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያዘጋጁት ዘገባ ከለንደን ተላለፈ። ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ በእግራቸው ተጉዘው እዚያ ሜዳ ላይ የሰፈሩ ረሃብተኞች ፊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ዘገባው ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። ያየው ሁሉ የሚያስታውሰው የዘጋቢውን ድምፅና የተራቡትን ዓይን ነው። በርክ ከሃያ ዓመት በኋላ የራሱን ሕይወት ጽፎ አሳተመ። የመሐመድ አሚንም ሕይወት መጽሐፍ ሆኗል። ያኔ አገሪቱን ይመሩ የነበሩት ሰው ትዝታ ደግሞ በገነት አየለ ጠያቂነት በ1994 ዓ.ም. በአማርኛ ታትሞ በሰፊው ተነቧል። ከሰቆጣ ዙሪያ ልጅ አዝላ ኮረም የደረሰችውን ሴት ግን እስከ ዛሬ የምናውቃት በቁጥር ነው።

ይህን የማነሳው ለወቀሳ ብቻ አይደለም። ረጅም ቃለ ምልልስ በአማርኛ የዳበረ፣ አድማጭና አንባቢ ያፈራ ዘርፍ ሆኗል። የጎደለው ችሎታ ወይም ፍላጎት አይመስለኝም። ዘርፉ ሲገነባ በልኩ የተሰፋለት ሰው “የደረሰ” የሚባለው በመሆኑ፣ የዋግን ሰው ሊያናግር ሲሄድ ጥያቄዎቹ አይገጥሙም። ክርክሬ ይኸው ነው።

በዘርፉ ምሳሌ የሚሆነን በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሚተላለፈው የመዓዛ ብሩ “የጨዋታ እንግዳ” ነው። ጣቢያው በ2000 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ መዓዛ ለአንድ ሰው ሕይወት ሳምንታት መስጠት እንደሚቻል፣ አድማጭም ያንን ታግሦ ብቻ ሳይሆን ናፍቆ እንደሚጠብቅ አሳይታለች። ጥያቄዋ ከትውልድ መንደር ይነሳል፤ እናትና አባት፣ የሰፈር ልጆች፣ የመጀመሪያ መምህር እያለ ይወርዳል። እንግዳው ዝም ሲል አታጣድፈውም። በዚህ ትዕግሥት የተሰበሰበው ድምፅ ለወደፊት የታሪክ ተመራማሪ ትልቅ ሀብት እንደሚሆን አልጠራጠርም። የትረካው ቅርጽ ግን አቀበት ነው፤ እንግዳው ከሥር ተነስቶ የሚወጣበት ጫፍ አለው። ጫፉን ደግሞ አድማጩ አስቀድሞ ያውቀዋል። ድምፃዊው ዝነኛ ስለሆነ የልጅነቱ እረኝነት ትርጉም ያገኛል። ዕድሜ ልኩን እረኛ ሆኖ የኖረ ሰው ግን እረኝነቱ ወደየት ያደርሳል ተብሎ ይጠየቅ?

የገነት አየለ መጽሐፍ የዚህን ቅርጽ ሌላ ገጽ ያሳያል። የተባረረ መሪ ሲጠየቅ፣ አንባቢ ከሚስማማበትም ከሚቃወመውም ነገር ጋር ሰውየውን ያገኘዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ቢሆን ራሱን አስረድቶ የመናገር ዕድል ሊነፈግ አይገባም። ሆኖም ትዝታው የአንድ ሰው ሲሆን ሌላው ሁሉ በእርሱ ትዝታ ውስጥ የሚያልፍ ገጸ ባሕርይ ይሆናል። የ1977ቱ ረሃብ በባለሥልጣን ትዝታ ሲነገር የስብሰባ፣ የመመሪያና የእርዳታ መርከብ ታሪክ ነው። ማሳው፣ በሬው፣ የተሸጠው የበር ሳንቃ ከዚያ ውስጥ የለም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለአሥርት ዓመታት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሲያዘጋጁ ወደየትውልድ ቀያቸው እየሄዱ ሽማግሌዎችን ጠይቀዋል። የአገራችን የቃል ታሪክ ሥራ ጀርባ አጥንት ይህ ድካም ነው። ከጽሑፎቹ አንዱን አንሥቶ የመጨረሻዎቹን ገጾች መግለጥ ይበቃል። የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር በሠንጠረዥ ተቀምጧል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የተጠየቁበት ቦታና ቀን፣ በመጨረሻም ስለ ሰውየው አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር። “ስለ ግብር አሰባሰብ በቂ ዕውቀት አላቸው” ዓይነት ነው። ሰማንያ ዓመት ኖረው፣ ጣሊያንን አይተው፣ ሁለት ረሃብ አሳልፈው፣ ልጅ ቀብረው፣ አራሽ፣ ዘማች፣ ስደተኛ ሆነው የኖሩ ሰው በዚያች መስመር ውስጥ ታጥፈው ገብተዋል። ከእርሳቸው የተፈለገው ስለ ሌላ ሰው የሚያውቁት ነበር፤ ብዙ ጊዜም ስለ ገዥው።

ዋግ ውስጥ ይህ ልማድ ሥር አለው። ታሪክ ንገሩኝ የተባለ ሽማግሌ የሚጀምረው ከዋግ ገዥዎች፣ ከዋግሹሞቹ ነው። ከዋግሹም ጎበዜ፣ ማለትም አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ በካሳ ምርጫ ከተሸነፉት፤ ወይም በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ጣሊያን አንገታቸውን ከቆረጠው ከአርበኛው ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ። ከሰቆጣ ብዙም የማይርቀው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የገዥዎቹን አስከሬን ሳይቀር ጠብቆ አቆይቷል። እንዲህ ባለ አገር “የእኔ ሕይወት ምን ታሪክ አለው” የሚለው መልስ ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ታሪክ የማን እንደሆነ በትውልዶች የተላለፈ ትምህርት ነው። ስለዚህ የጠያቂው የመጀመሪያ ሥራ ይህን ትምህርት በትዕግሥት ማስረሳት ይሆናል። “ስለ ዋግሹም ይንገሩኝ” ብሎ ከመጀመር፣ የመጀመሪያ ጥማድ በሬዎን እንዴት አገኙት፣ ማንስ አወረሰዎት ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከዚህ የከበደ ሌላ እንቅፋትም አለ። ዋግ ኽምራ ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ምን ሊያደርግ እንደሚመጣ ይታወቃል፤ ሊመዘግብ ነው። በ1966 የወሎ ረሃብ፣ በ1977፣ በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር፣ በ2008ቱና በ2016ቱ ድርቅ፣ በየጊዜው አንድ ሰው መጥቶ “የቤተሰብ ብዛት ስንት ነው? ስንት ከብት አለዎት? ከመቼ ጀምሮ ዝናብ ጠፋ?” ብሎ ጠይቋል። የሰቆጣ ከተማ ስም ራሱ የመንግሥት ሰነድ መጠሪያ ሆኗል፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት የተገባ ቃል ነው። ዓላማው የተከበረ ነው፤ ለብዙ ሕፃናትም የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። የቃለ ምልልስ ተመራማሪ ግን አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ለሃምሳ ዓመት ያህል ሲጠየቅ የኖረ ሕዝብ እንዴት መመለስ እንዳለበት ያውቃል። ችግሩን አስቀድሞ፣ ጥሪቱን አሳንሶ፣ ራሱን በ“እኛ” ውስጥ አስገብቶ ይናገራል። ይህን ውሸት ማለት በደል ነው። መዝገቡ ሕይወቱን ይወስን ነበርና፣ ሕይወቱን በመዝገቡ ልክ ቆርጦ መናገር ግድ ሆኖበታል።

እንግዲህ ማለፊያ ጠያቂ እንኳ በአንድ ከሰዓት ጉብኝት የሚያገኘው ይህንኑ የምዝገባ ቋንቋ ነው። የተረጂነቱ ትረካ ካለቀ በኋላ ያለው ሰው የሚመጣው ዘግይቶ፣ ምናልባትም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው። ቀፎ ሲሰቅል የወደቀው፣ ተከዜን በክረምት ሊሻገር ሲል የተመለሰው፣ አበርገሌ ፍየል ሲነዳ ያገባትን ልጅ ያያት ሰው። ርዝመት ጌጥ የማይሆነው ለዚህ ነው። አጭሩ ቃለ ምልልስ ዋግ ላይ በጥራት ብቻ ሳይሆን በይዘትም ሌላ ሰው ያመጣል።

በዜና ዘገባ ላይ የሚታይ አንድ ነገር ልጨምር። ባለሥልጣኑ “እርስዎ” ይባላል፤ የተፈናቀለችው የአምስት ልጆች እናት “አንቺ” ትባላለች። ኃላፊው ከነማዕረጉ ሲጠራ እርሷ “ተፈናቃይ” ተብላ ታልፋለች። በዋግም ሆነ በየትኛውም የአማርኛ ተናጋሪ መንደር እናት የምታክልን ሴት በዚያ አፍ ማናገር ነውር ነው። ማይክራፎን ሲያዝ ነውሩ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም። እንዲህ የተከፈተ ንግግር የሕይወት ታሪክ ሊያወጣ አይችልም።

ሌላ መንገድ መኖሩን የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። አይዳ እደማርያም በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የአያቷ የየተመኙ የሕይወት ታሪክ በጎንደር ከተማ የኖሩ፣ ገና በልጅነታቸው ለአንድ የቤተ ክህነት ሊቅ የተዳሩ፣ የጣሊያንን ዘመን፣ ንጉሡንና አብዮቱን ያለፉ ሴት ታሪክ ነው። ጸሐፊዋ ለብዙ ዓመታት ከአያቷ ጋር ያደረገችውን ጨዋታ መሠረት አድርጋለች። መጽሐፉን የማደንቀው ሥልጣንም ዝናም የሌለበትን ሕይወት በራሱ ጊዜ ስለሚለካው ነው፤ ትረካው በኢትዮጵያ ወራት፣ በጾምና በበዓል፣ በእመቤታችን ተአምር መካከል ይራመዳል። “የት ደረሱ” የሚል ጥያቄ የለበትም። በዓይነቱ አቻ የሌለው ነው ብዬ አምናለሁ። ቅሬታዬ የአያትዬዋ አማርኛ በእንግሊዝኛ መጋረጃ ጀርባ መቅረቱ ነው፤ ደግሞም ጋዜጠኛ የልጅ ልጅ ያላት አያት ብርቅ ናት።

ወደ ዋግ ይበልጥ የሚቀርበን የፓኖስ ተቋም ከኤስ ኦ ኤስ ሳህል ጋር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወሎ ውስጥ፣ በሜቄት፣ ያስቀዳው የተራራ ነዋሪዎች ምስክርነት ነው። ገበሬዎቹ ስለ መሬት መሸርሸር ተጠይቀው ስለ ጋብቻ፣ ስለ ወታደርነት፣ ስለ ሸክላ ሥራ ይናገራሉ። አሉላ ፓንክረስት በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሰፈራ ጥናትም ከወሎ ተጭነው ወለጋ የሰፈሩ ሰዎችን በመንደራቸው ተቀምጦ ያዳመጠ ነው። ያ ሰፈራ ከኮረም መጠለያ ጋር የተሳሰረ ነበር፤ የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ1978 ዓ.ም. ከአገር የተባረሩት አፈጻጸሙን በመቃወማቸው ነው። ከዋግ የሄደ ሰው ሕይወት ስለዚህ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ወደ ላይ አይወጣም። ከሰቆጣ ኮረም፣ ከኮረም ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ደርግ ሲወድቅ ብዙዎች በእግርም በመኪናም ወደ ቀያቸው፣ ከዚያም በ2013ና 2014 ዓ.ም. ጦርነት እንደገና ስደት። ይህን ሕይወት የሚችል ትረካ እንደ ጉዞው መሄድና መመለስ ይኖርበታል።

ዘመን ላይም እንዲሁ ነው። ጣሊያናዊው የቃል ታሪክ ተመራማሪ አሌሳንድሮ ፖርቴሊ ተርኒ በምትባል የብረት ከተማ ሠራተኞች በ1949 እ.ኤ.አ. በፖሊስ የተገደለ ጓደኛቸውን ሞት ከ1953ቱ ከሥራ መባረር ጋር አያይዘው ሲተርኩ አገኛቸው። ስሕተት ነው ብሎ አልጣለውም፤ ሰዎቹ ሞቱን ከትልቁ ውርደታቸው ጋር ማያያዛቸው ራሱ መረጃ ነው አለ። በዋግም “ክፉ ቀን” የሚለው ስም የአያቶችን የ1880ዎቹ ረሃብ፣ የ66ቱንና የ77ቱን አንዱን በሌላው ላይ ሊያነባብር ይችላል። የዓመተ ምሕረት እርማት የሚያጣድፈው ጠያቂ ይህን መደራረብ ያጠፋዋል።

ከሁሉ የከበደው የቋንቋው ጉዳይ ነው። የዋግ ኽምራን ቋንቋ ኽምጣኛን ሊዮ ራይኒሽ በ1884 እ.ኤ.አ.፣ ዴቪድ አፕልያርድ በ1987 እ.ኤ.አ. አጥንተውታል፤ ዛሬ በትምህርት ቤት ይሰጣል፣ የአማራ ክልል መገናኛ ብዙኃንም ያሰራጭበታል። የሰዋስው ጥናት ግን ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል እንጂ ሕይወት አይፈልግም። አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ አዛውንት እንኳ የአደባባዩን ነገር በአማርኛ፣ የእናታቸውን ነገር በኽምጣኛ ያስቀምጡታል። በአማርኛ ብቻ የተጠየቁ እንደሆነ ግማሹ ሕይወት አይመጣም፤ የቀረ ነገር እንዳለም አድማጭ አያውቅም። አስተርጓሚ መሐል ሲገባ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወጣት ወንድ ነው፤ አንዲት እናት በእርሱ ፊት ስለ ምጥዋ አትናገርም። ገበና የሚባል ነገር አለ፣ ሆድ ይፍጀው ተብሎ የሚያልፍም አለ። በዩቲዩብ እንደምናየው እንባ እስኪወርድ እየቆፈሩ መጠየቅ ይህን አጥር መጣስ ነው። ሴት ጠያቂ፣ ኽምጣኛ ተናጋሪ፣ ከዚያው ቀዬ የሆነች መምህርት ወይም ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብትሠለጥን ከአዲስ አበባ ከሚላክ ባለሙያ የበለጠ ትሰማለች።

በ1977 ሃያ ዓመት የሆነው ሰው ዛሬ ስድሳን አልፏል፤ ያኔ ቤተሰብ ይመሩ የነበሩት አብዛኞቹ የሉም። ስለዚህ የቃለ ምልልሱ ቅጂ በኽምጣኛ ተይዞ፣ ጽሑፉ በሁለቱም ቋንቋ ተገልብጦ፣ ባለታሪኩ ስሙ እንዲጠራ ወይም እንዲሸሸግ ራሱ ወስኖ፣ አንዱ ቅጂ ለቤተሰቡ ሊሰጥ፣ ሌላው በብሔረሰብ አስተዳደሩ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ እዚያው ሰቆጣ ሊቀመጥ ይገባል። እስካሁን ያየነው ከዋግ የተቀዳ ድምፅ ወደ ለንደን ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ነው፤ የተናጋሪው ልጅ አባቱን ለመስማት ከሰቆጣ መውጣት የለበትም።