የውድድሩ ስፍራ የሚመረጠው ለማን ነው?

ስለ አሜሪካ ተማሪዎች ብሔራዊ የዕውቀት ውድድር የቀረበ ሒስ

በአሜሪካ በተማሪዎች መካከል የሚደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር የቈየ ልማድ ነው። ስለ ጥያቄዎቹ ክብደትና ስለ ዳኝነቱ ብዙ ይባላል። ውድድሩ የሚደረግበት ስፍራ ግን የአዳራሽና የመኝታ ጉዳይ ብቻ ይመስል ለአሰናጆቹ ይተዋል። የስፍራው ምርጫ ራሱ የፈተናው አንድ ክፍል መሆኑን ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

በመጀመሪያ፣ ይህ ጥያቄ ያልነበረበት ጊዜ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 (የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) «ኮሌጅ ቦውል» በኤን.ቢ.ሲ. ራዲዮ ሲጀመር ጠያቂው አለን ሉደን በስቱዲዮ ተቀምጦ፣ ሁለቱ ቡድኖች ከየኮሌጃቸው ሆነው በመስመር ይመልሱ ነበር። እንግዳም አስተናጋጅም አልነበረም። በ1959 ዝግጅቱ ወደ ቴሌቪዥን ሲዛወር ግን ተወዳዳሪው ወደ ስቱዲዮ መሄድ ግድ ሆነበት። ከዚያ ወዲህ ዕውቀት ብቻውን አልበቃም፤ ስንቅም አስፈለገ።

በዘመናችን ሁለት ዓይነት አሠራር ይታያል። በበጎ ፈቃደኞች የሚመራው አካዳሚክ ኮምፒቲሽን ፌዴሬሽን የኮሌጆችን ብሔራዊ ውድድር በዩኒቨርሲቲ ግቢ ያካሂዳል። በ1996 የተቋቋመው ናሽናል አካዳሚክ ኩዊዝ ቱርናመንትስ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ብሔራዊ ውድድር በትልቅ ሆቴል ማድረግን መርጧል። ይህ ውድድር በ2019 አትላንታ ላይ ሲደረግ ከ300 በላይ ቡድኖች ተገኝተዋል።

ሁለቱም አሠራር የየራሱ ጥቅምና ጉድለት አለው። ዩኒቨርሲቲ በዕረፍት ቀን ባዶ የሚውሉ የመማሪያ ክፍሎች አሉት፤ ዋናው ችግር የሰው ነው። 64 ቡድኖች በአንድ ጊዜ ይጫወቱ ቢባል 32 ክፍሎች፣ 32 ደወሎችና ቢያንስ 32 ጥያቄ አንባቢዎች ያስፈልጋሉ። አንባቢነትም ቀላል ሥራ አይደለም። ጨዋታው በሰዓት በሚለካበት ጊዜ ዝግተኛ አንባቢ የደረሰው ቡድን ከሌሎቹ ያነሱ ጥያቄዎች ይሰማል፤ ጥያቄ ባነሰ ቍጥር ዕድል ዕውቀትን ይጫናል። ስለዚህ ያማረ ግቢ ያለው ሳይሆን የሠለጠኑ አንባቢዎች ያሉት ዩኒቨርሲቲ የተሻለ አስተናጋጅ ነው። የራሱ ተማሪዎች አንባቢ ሲሆኑ ግን ከመጫወት ይቀራሉ፤ ይህን ዋጋ የሚያስብለት የለም።

ሆቴሉ ሁሉን በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰበስባል፤ የመኝታ ክፍሎች ሳይቀሩ የጨዋታ ክፍል ይሆናሉ። ወጪው ግን በመጨረሻ በተማሪውና በትምህርት ቤቱ ላይ ይወድቃል። ውድድሩ ከ2017 እስከ 2019፣ ደግሞም ከ2022 እስከ 2024 በአትላንታ ተደርጓል። ከተማዪቱ በዓለም እጅግ ብዙ መንገደኛ ከሚያስተናግዱት አንዱ የሆነ የአውሮፕላን ማረፊያ ስላላት ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ከሲያትል እስከ አትላንታ በአየር ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር ሲሆን እስከ ቺካጎ 2,800 ያህል ነው። ስፍራው ሳይለወጥ በቈየ ቍጥር ሸክሙም በእነዚያው በሩቆቹ ላይ ይቈያል።

ዋናው ሒሳችን ይህ ነው፤ አሰናጆች «የመጡትን እንችላቸዋለን ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «በዚህ ምርጫ የማይመጣው ማን ነው?» የሚለው ግን እኩል ክብደት አያገኝም። የቀረ ቡድን በውጤት ሰሌዳ ላይ ስለማይጻፍ መቅረቱ አይታይም። ሊመጡ የሚችሉት ብቻ የተወዳደሩበት ዋንጫ ብሔራዊ የሚለውን ስም በሙሉ ሊሸከም አይችልም።

እርግጥ ነው፣ ርካሽ፣ ማዕከላዊ፣ ሰፊና በአንባቢ የበለጸገ ስፍራ በአንድነት አይገኝም፤ «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይባላል። በ2020 ወረርሽኙ ውድድሩን ካስቀረ በኋላ በመስመር መጫወት መልስ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ተወዳዳሪው በዓይን ካልታየ መጽሐፍ አለመግለጡን ማረጋገጥ ያስቸግራል።

ስለዚህ የሚሻለው የምርጫውን ሚዛን አስቀድሞ መግለጽ ነው። በመጀመሪያ የአንባቢዎች ብቃት፣ ቀጥሎ የሩቁ ቡድን ወጪ፣ ከዚያ የክፍሎች ብዛት ይታይ። ስፍራው የማይለወጥ ከሆነ የሩቆቹ መመዝገቢያ ይቀነስ፤ የቅርቦቹ ጥቂት ይጨምሩ። ስፍራው የሚዘዋወር ከሆነም ትምህርት ቤቶች ገንዘብ እንዲያሰባስቡ ከሁለት ዓመት በፊት ይነገር። ይህ ሲሆን የተሸነፈ ሁሉ በጥያቄ እንጂ በመንገድ አልተሸነፈም ለማለት ይቻላል።