ለንደን ስትቃጠል ማን ተጠየቀ?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2011 የለንደን ፖሊስ የ29 ዓመቱን ማርክ ዳገንን ቶተነም ውስጥ ተኩሶ ገደለ። ከሁለት ቀን በኋላ ሰፈሩ በእሳት ተያያዘ፤ ዘረፋውና ቃጠሎው እስከ በርሚንግሃምና ማንቸስተር ተዛመተ፤ አምስት ሰዎችም ሞቱ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ነገሩ ተራ ወንጀል ነው አሉ። መንግሥታቸውም በዳኛ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አላቋቋመም።

«ሪዲንግ ዘ ራየትስ» የተሰኘው ጥናት የተነሣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። የጋርዲያን ጋዜጠኛ ፖል ልዊስና በለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ የወንጀል ጥናት ምሁር የሆኑት ቲም ኒውበርን አብረው መሩት። ጠያቂዎቹ ሠልጥነው ወደየሰፈሩ ወጡ፤ ስማቸው እንደማይገለጥ ቃል እየገቡ በሁከቱ የተሳተፉ 270 ሰዎችን አነጋገሩ። የመጀመሪያው ውጤት በዚያው ዓመት ዲሴምበር ታተመ። ዩኒቨርሲቲው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጥናቱ የሚደርሰው ክርክሩ ከበረደ በኋላ ነበር፤ ጋዜጣው ብቻውን ቢሆን ደግሞ ጥቂት ጉልህ ታሪኮችን ለቅሞ ያልፍ ነበር። የአንዱ ፍጥነትና የሌላው ሥርዓት ሲገናኙ ምን እንደሚገኝ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ከተጠየቁት ውስጥ 85 በመቶው የፖሊስ አሠራር ለሁከቱ ጉልህ ወይም በጣም ጉልህ ምክንያት ነው ብለዋል። 73 በመቶው ደግሞ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ቆመው ተፈትሸዋል። ሁከቱን የመሩት የወሮበላ ቡድኖች ናቸው የሚለውን የፖለቲከኞች ወሬም ጥናቱ አዳክሞታል፤ ጠበኞቹ ቡድኖች በነዚያ ቀናት ጠባቸውን ወደ ጎን ማድረጋቸውን ከራሳቸው አፍ ሰምቷል። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሪነት 2.6 ሚሊዮን የትዊተር መልእክቶች ተመርምረዋል። ሰው የተጠራራው በብላክቤሪ መልእክት እንጂ በትዊተር አለመሆኑ ሲታወቅ፣ ማኅበራዊ ሚዲያን እንዝጋ ሲሉ የነበሩ ባለሥልጣናት መከራከሪያ ሳሳ።

የማልስማማበት ቦታ ግን አለ፤ ከባድም ነው። ጥናቱ አርአያዬ ያለው እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተነሣው ሁከት በኋላ የተሠራውን ጥናት ነው። ያኔ ጋዜጠኛው ፊሊፕ ሜየር ከሚሺገን ዩኒቨርሲቲው ናታን ካፕላን ጋር ሆኖ ሁከቱ በነበረባቸው ሰፈሮች 437 ጥቁር ነዋሪዎችን አስጠየቀ። ነዋሪዎቹ የተመረጡት በዕጣ ነበር፤ ስለዚህ የተሳተፈውም ያልተሳተፈውም ገባበት። ሜየር ሁለቱን ማነጻጸር ቻለ፤ ሁከተኞቹ ያልተማሩ ናቸው፣ ከደቡብ የመጡ ስደተኞች ናቸው የሚሉትን ሁለት ግምቶች በማስረጃ ያፈረሰው በዚህ ንጽጽር ነው። የለንደኑ ጥናት የጠየቀው የተሳተፉትን ብቻ ነው፤ እነሱም ለመናገር የፈቀዱት ናቸው። እዚያው መንገድ የሚኖር፣ እንደነሱ የተፈተሸ፣ ሆኖም ቤቱ የቀረው ወጣት የለበትም። ያ ወጣት ሳይጠየቅ 85 በመቶው የሚነግረን የሁከተኞቹን ቁጣ ነው፤ ቁጣው የሁከቱ መነሻ መሆኑን ግን አያረጋግጥም። ጋዜጣው በርዕሶቹ ይህን ልዩነት በበቂ አልጠበቀም፤ ምሁራኑም ጠንከር ብለው ማስጠበቅ ነበረባቸው። ጥምረት ማለት አንዱ ሌላውን ማስቆም ሲችልም ጭምር ነው።

ያም ሆኖ ሥራው መደርደሪያ ላይ አልቀረም። የአገር ውስጥ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ በዲሴምበር ስለ ጥናቱ በተዘጋጀው ጉባኤ ተገኝተው የሁከተኞቹን ምክንያት አልቀበልም አሉ፤ ግን የመንገድ ላይ ፍተሻ አሠራር እንዲታይ ማዘዛቸውን እዚያው ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ፖሊሶችንና የፍርድ ቤት ሰዎችን ጨመረ። ሦስተኛ ክፍል ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ የቶተነምን ቤቶች በዕጣ መርጦ ማንኳኳት ነበረበት፤ ገንዘቡና ጊዜው ሊውል የሚገባው እዚያ ነበር።