በአነስተኛ ሆስፒታሎች ኢንፌክሽንን መቁጠር ይቻላልን? በአንድ መመሪያ ምዕራፍ ላይ የቀረበ ሂስ

ጃፓይጎ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው፣ አቅማቸው ውስን ለሆኑ የጤና ተቋማት የተዘጋጀው የኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ጊዜ ያለፈበት ክፍል አለው፤ ለምሳሌ መሣሪያ ከመታጠቡ በፊት በ0.5 ከመቶ በረኪና ይዘፍዘፍ የሚለውን ምክር የዓለም ጤና ድርጅት የ2016 መመሪያ አይደግፈውም። የእኔ ሂስ ግን በሆስፒታል ውስጥ የሚያዙ ኢንፌክሽኖችን ስለ መከታተል በሚናገረው ምዕራፍ ላይ ነው። ምዕራፉ፣ አቅም ባነሰበት አገር ክትትሉ በአብዛኛው ወረርሽኝን ለማጣራት ብቻ ቢውል ይሻላል ይላል።

ምክሩ ከንቱ አይደለም። ካልቸር የሚሠራ ላቦራቶሪ በሌለበት ሆስፒታል ቅጽ ብቻ መሙላት ሠራተኛን ማድከም ነው። ይሁን እንጂ የወትሮውን ቁጥር የማያውቅ ሐኪም ወረርሽኝ መነሣቱን በምን ይለያል?

ሳሪስ አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ሆስፒታል ስሠራ ጥያቄው ገጥሞኛል። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በቀዶ ሕክምና የወለዱ ሦስት እናቶች ቁስላቸው መግል ይዞ ተመለሱ። «ይህ ብዙ ነው?» ብዬ ብጠይቅ መልስ የሚሰጥ አልተገኘም፤ እኔም አላውቅም ነበር። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ መዝገብ የተሠራላቸውን ሁሉ ይዟል። የቁስል ማጠቢያው መዝገብ ግን «ቁስል ታጠበ» ከማለት በቀር ቀዶ ሕክምናው መቼና የት እንደ ተደረገ አያነሣም። ሁለቱን ስናመሳክር አመሸን። ከዚህም የባሰ አለ፦ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ የሄደች እናት ቁስሏ በዘጠነኛው ቀን ቢያመረቅዝ፣ ቃሊቲ ወይም አቃቂ በሚቀርባት ጤና ጣቢያ ትታከማለች። በእኛ መዝገብ ድና የሄደች ናት።

የመመሪያው አዘጋጆች የክትትሉን ወጪ አግዝፈው ያዩት ይመስለኛል። በአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል አተረጓጎም፣ ቀዶ ሕክምና በተደረገ በ30 ቀናት ውስጥ ከላይኛው ቁስል መግል ከወጣ ኢንፌክሽን ለማለት በቂ ነው፤ ካልቸር የግድ አይደለም። ዐይን፣ መዝገብና የታካሚዋ ስልክ ቁጥር ካሉ፣ አንዲት ነርስ በ30ኛው ቀን ደውላ ልትጠይቅ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመው ሴኒክ የተሰኘ የአሜሪካ ጥናት፣ ጠንካራ የክትትልና የቁጥጥር ፕሮግራም ያላቸው ሆስፒታሎች ኢንፌክሽኑን በ32 ከመቶ ገደማ እንደ ቀነሱ አሳይቷል። ከፕሮግራሙ ክፍሎች አንዱ ውጤቱን ለቀዶ ሐኪሞቹ መንገር ነበር። በእኛ ዘንድ የሚከብደው ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ የራሱ ቁጥር በባልደረቦቹ ፊት ሲነበብ የሚወድ ሐኪም አላየሁም፣ እኔንም ጨምሮ።

አንድ ነገር ግን ለመመሪያው መመስከር ይገባል። በወር 40 ቀዶ ሕክምና በሚሠራበት ሆስፒታል 2 ኢንፌክሽን 5 ከመቶ ነው፤ በሚቀጥለው ወር 4 ቢሆን 10 ከመቶ ይሆናል። እጥፍ መሆኑ እንዲሁ አጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል፣ በወር ቁጥር መደናገጥም መኩራራትም አይገባም። የብዙ ወራትን ማጠራቀም፣ እስከዚያው እያንዳንዷን ታካሚ ለብቻ መመርመር ይሻላል።

እኛ ከሦስቱ እናቶች በኋላ በቁስል ማጠቢያው መዝገብ ላይ «ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ቀንና ቦታ» የሚል ዓምድ በእጃችን አሰመርንበት። በመጀመሪያው ወር ግማሹ ባዶ ነበር።