ስለ ጽጌ ሌሊትና ስለ ዜማ ምልክት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው አርባ ቀን ወርኃ ጽጌ እንደሚባል ታውቃለህ። በዚህም ወራት በየሳምንቱ ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ እሑድ ጧት ወደ ቅዳሴ እስኪገባም ድረስ ይዘለቃል። በሀና ማርያም፣ በላፍቶና በጀሞ የሚኖር ወጣት ይህን ሌሊት ለማየት ወደ ጎንደር መውረድ አያስፈልገውም፤ ከደጁ ነው። ልነቅፍ የተነሣሁትም አለመሄዱን ሳይሆን አካሄዱን ነው።

ልማዱ እንዲህ ሆኗል። አብዛኛው ወጣት የሚደርሰው ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ወዲያ ከበሮው ሲሞቅ ነው። በመቋሚያ ቀስ እየተባለ የሚዘመመውን ዝማሜ አይሰማም፤ ቁም ዜማውንማ እንዳለም አያውቅ። ወረቡ ሲጀመር ስልኩን አውጥቶ ከፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ የሚታየው ከፊቱ የቆመው ካህን መሆኑ ቀርቶ በስልኩ ውስጥ ያለው ትንሹ ካህን ነው። በሳምንቱ መካከል ያንኑ ወረብ ከስልኩ ያጠናና ከወዳጆቹ ጋር ይወርበዋል። ሰውም ሰምቶ «ወጣቱ ለዜማ ተነሣ» እያለ ያመሰግነዋል።

ምስጋናው በግማሽ ተገቢ ነው። እንቅልፉን ትቶ በውድቅት ሌሊት የመጣን ልጅ ማሳፈር ራሱ ነውር ነው። ግማሹ ምስጋና ግን ሰውን ያታልላል፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ስለ ምልክቱ ጥቂት መናገር ይገባኛል።

ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም እንደ ተነሣ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶችም ከእርሱ እንደ ተገኙ አባቶች ያስተምራሉ። ከብዙ ዘመንም በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ መንግሥት (ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1540 እስከ 1559)፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ድፋትና ቅናት የሚባሉት በነጥብና በመስመር የሚጻፉ ናቸው፤ ድርስና አንብርም ከእነዚህ ጋር ይቈጠራሉ። ከእነዚህ ሌላ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚሰፍሩ በመቶ የሚቈጠሩ የፊደል ምልክቶች አሉ። አንዲት ፊደል፣ ወይም ሁለት ፊደል፣ አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ታስታውሳለች። ታስታውሳለች እንጂ አታስተምርም። ሐረጉን ከመምህሩ አፍ ላልተቀበለ ሰው ያች ፊደል ፊደል ብቻ ናት።

በአሜሪካ አገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ምልክት አለ። በ1844 በአውሮፓ አቆጣጠር ሁለት የጆርጂያ ሰዎች «ቅዱሱ በገና» ተብሎ ሊተረጐም የሚችል የመዝሙር መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ መጽሐፍ ፋ ሦስት ማዕዘን፣ ሶል ክብ፣ ላ አራት ማዕዘን፣ ሚ ደግሞ እንደ ካርታው ዳይመንድ ሆኖ ይታተማል። ዘማሪዎቹ እስከ ዛሬ ድረስ በቅዳሜና በእሑድ ይሰበሰባሉ፤ በአራት ማዕዘን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከመካከል ቆሞ ይመራል፤ በመጀመሪያ የምልክቱን ስም፣ ከዚያም ቃሉን ያዜማሉ። በቀትር ሁሉም ያመጣውን ምግብ አቅርቦ አብሮ ይበላል። ተመልካች የሚባል ወገን የለም፤ የመጣ ሁሉ ይዘምራል። ያ ምልክት የተሠራው ጀማሪ ፈጥኖ እንዲያነብ ነው። የኛው ግን የተማረው እንዳይረሳ ነው። ስለዚህ የነርሱ እንግዳ በሁለት ቀን ውስጥ አብሮ ለማዜም ይበቃ ይሆናል፤ ድጓን ግን ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት እንጂ የሁለት ቀን ጉባኤ አይጨርሰውም።

እንግዲህ ስልኩ የጐደለው ምንድን ነው? ድምፁን መቅዳትስ ይቀዳል፤ ዜማ መቅዳትም ኃጢአት አይደለም። በጉባኤ ቤት ግን ተማሪው ሲሳሳት መምህሩ «አይደለም፤ መልስ» ይለዋል፤ እርሱም ይመልሳል፤ ዐሥር ጊዜም ቢሆን። ስልክ «መልስ» አይልም። ልጁ ስሕተቱን ከነጌጡ ያጠናዋል፤ እርሱን ቀርጾ ያጠናውም እንዲሁ። በጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚያስመሰክር ሰው ያን ሁሉ ዘመን የሚደክመው ለዚህ ነው።

ሌላው የምነቅፈው ድምፅ ማጉያውን ነው። ማኅሌት በቀኝና በግራ ተሰልፎ፣ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ሲቀበል፣ በምልልስ የሚቆም ነው። ማጉያው በአንድ ሰው አፍ ላይ ሲደቀን የዚያ ሰው ድምፅ መንደሩን ይሞላል፤ የተቀባዩ ወገን ድምፅ ግን ከጸናጽሉ ጋር ይሰጥማል። ከውጭ ያለ ሰው የሚሰማው የአንድ ሰው ዘፈን መሰል ነገር ነው። ለማጉያ መግዣ ገንዘብ የሚያዋጡ ወጣቶች ያንኑ ገንዘብ ለአንድ የድጓ ተማሪ ቀለብና ልብስ ቢያደርጉት እመርጣለሁ፤ በዚህ የሚቈጣኝ ቢኖርም ይቈጣ።

ለሚመጣው ጽጌ ያሰብህ እንደ ሆነ ዝግጅቱን ከሰኞ ጀምር። በየሳምንቱ የሚቆመው ሥርዓት ይለያያልና ወደ መሪጌታው ሄደህ በእሑዱ የሚባለው የትኛው እንደ ሆነ፣ ከድጓው የሚስማማው ዚቅም ምን እንደ ሆነ ጠይቅ። ቃሉን በግዕዝ ጽፈህ ትርጉሙን እወቅ፤ ትርጉሙን ሳያውቁ ማሸብሸብ እግር ከማንሣት አያልፍም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ተኛ። ሌሊት መጓጓዣ እንደ ልብ አይገኝምና በጊዜ ግባ። ከተማሪዎቹ በስተኋላ ቁም፤ ስልክህን ዝጋ፤ መጀመሪያ ስማ፣ ኋላ ተቀበል። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ ጾመኛ የሆነው ብዙ ነውና ዝክር የደረሰህ እንደ ሆነ ዳቦህና ንፍሮህ በቂ ነው፤ ጮማ ልደግስ ብለህ አትጨነቅ።

ከቅዳሴም በኋላ መሪጌታው አረፍ ብለው ጠላቸውን ሲቀምሱ ድጓው በእጃቸው ይሆናል። ያን ጊዜ ቀርበህ ጣትህን ከአንዲቱ ደቃቅ ፊደል ላይ አድርግና «አባቴ፣ ይህች እንዴት ትባላለች?» በላቸው።