ኮዱን የለጠፈው ማን ነው?

የሾሻና ዙቦፍን «ዘ ኤጅ ኦፍ ሰርቬይላንስ ካፒታሊዝም» ለመጨረስ አራት ወር ፈጀብኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ ሰባት መቶ ገጽ ገደማ የሆነ መጽሐፍ ነው። ርዕሱን «የክትትል ካፒታሊዝም ዘመን» ብለው ይሻለኛል። «ስለላ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ግን ሰላይ ተደብቆ ነው የሚሠራው፣ እዚህ «እስማማለሁ» የሚለውን የምንጫነው ራሳችን ነን።

የዙቦፍ መነሻ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የኢንተርኔት ኩባንያዎች አክሲዮን ሲንኮታኮት ጉግል ገንዘብ ማምጣት ነበረበት። እስከዚያ ፍለጋውን ለማሻሻል ብቻ ያገለግል የነበረውን የተጠቃሚ ዱካ (ምን ፈለገ፣ ምኑን ነካ፣ የት ቆየ) ማን የትኛውን ማስታወቂያ እንደሚነካ ለመተንበይ አዋለው። ለአገልግሎቱ ከሚያስፈልገው በላይ የተረፈውን ይህን ዳታ ነው ዙቦፍ የባሕርይ ትርፍ የሚሉት። «ነጻ ከሆነ ምርቱ አንተ ነህ» የሚለውን የለመድነውን አባባልም አይቀበሉትም። እሳቸው እኛን የሚያመሳስሉን ለጥርሱ ሲባል ከተገደለ ዝሆን ጋር ነው፤ ጥርሱ ይሸጣል፣ ሬሳው ሜዳ ላይ ይቀራል።

እዚህ ድረስ አብሬያቸው ነኝ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ኢንጅነር የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ጆርጂያ ቴክ ውስጥ ዳታው ከነዋሪዎቹ እጅ የማይወጣበት «የሚያውቅ ቤት» የነደፉት አሉ፤ የትልልቆቹ ኩባንያዎች አለቆችም አሉ። ኮፒ-ፔስት የሚያደርገው ግን የለም። እሱ ደግሞ እኔ ነኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ክሊኒክ ድረ ገጽ ሠራን። ማርኬቲንጉን የያዘው ልጅ ከማስታወቂያ ድርጅት የተሰጠውን አጭር ኮድ በቴሌግራም ላከልኝ፤ «ይቺን ሁሉም ገጽ ላይ ለጥፋት»። ለጠፍኳት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከወራት በኋላ ሌላ ችግር ስፈልግ የብራውዘሩን የኔትወርክ መስኮት ከፈትኩ። ኮዷ ገጽ በተከፈተ ቁጥር የገጹን ሙሉ አድራሻ ከጎብኚው ኩኪ ጋር ትልካለች። አድራሻዎቹን የሰየምኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ግልጽ ይሁኑ ብዬ፦ የኤችአይቪ ምርመራ፣ የእርግዝና ክትትል፣ የአእምሮ ጤና ቀጠሮ። ስም የለበትማ! ግን ያው ኩኪ፣ በሌላ ታብ በስሙና በፎቶው ገብቶ የተቀመጠው ሰው ኩኪ ነው።

ለአለቃዬ ስነግረው «ማስታወቂያው ይሠራል አይደል?» አለኝ። ከሳምንት ጭቅጭቅ በኋላ ከቀጠሮ ገጾቹ ላይ ብቻ አነሳናት። እስከዚያ የሄደውን የሚመልስ አዝራር የለም። ዛሬ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321/2016) አለን፤ የጤና ዳታን በተለየ ጥንቃቄ እንዲያዝ ያዛል። ያኔ ግን የጠየቀኝም የከለከለኝም አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ፣ ዙቦፍ የማስታወቂያ ድርጅቶቹን ጉራ ትንሽ አብዝተው ያምናሉ። ባህርያችንን እንደፈለጉ ይቀርጹታል ይላሉ። እኔ ግን ጫማ ከገዛሁ በኋላ ያው ጫማ ሁለት ሳምንት ሲያሳድደኝ አይቻለሁ። ይህን ያህል አዋቂ ከሆኑ መግዛቴን እንዴት አጡት? በእርግጥ የፖኬሞን ጎ ታሪክ ይሞግተኛል። ጃፓን ውስጥ ማክዶናልድስ ምግብ ቤቶቹን ገንዘብ ከፍሎ የጨዋታው መዳረሻ አስደረጋቸው፤ ሰዎቹ እየተጫወቱ በገዛ እግራቸው ሄዱ። ይህኛው ትንበያ ብቻ አይደለም፣ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም የክሊኒኩን ነገር ሳስብ፣ ማስታወቂያው ሰውየውን አሳመነው አላሳመነው ለውጥ አያመጣም። የታመመበትን ነገር አንድ የማያውቀው ድርጅት መዝግቦታል፤ ጉዳቱ እዚያ ላይ አልቋል።

ሦስተኛው ክፍል፣ ስኪነር ምናምን የሚለው፣ ይደጋግማል፤ ጊዜ የሌለው ሰው ቢዘለው አይጎዳም። የመጀመሪያውን ክፍል ግን ድረ ገጽ የሚሠራ ሁሉ ያንብበው፤ እያነበበም የራሱን ሥራ በብራውዘሩ የኔትወርክ መስኮት ከፍቶ ይየው።